የጠርሙሶቹ ወረፋ

ስለ ሆዴ ለሰው ማውራት አልወድም። ሆድ የባለቤቱ ጉዳይ ነው። ነገር ግን በደርግ ጊዜ የእኔ ሆድ የቀበሌ አጀንዳ ሆኖ፣ እጅ ወጥቶበትና ቃለ ጉባኤ ተጽፎበት ስለነበር ዛሬ ብደብቀው ዋጋ የለውም። ያኔ ያልሰማ የአራዳ ሰው ካለም፣ ከሌላ አፍ ተጣሞ ከሚደርሰው ከእኔው ቢሰማ ይሻለዋል።

ጨጓራ ነበረብኝ። በዚያ ዘመን ጨጓራ ያልነበረበት ሰው አላውቅም፤ ስብሰባው ብቻውን ይበቃ ነበር። ስለዚህ ከራስ መኮንን ድልድይ ከፍ ብላ ወደነበረችው ትንሽ የሰፈራችን ክሊኒክ እየሄድኩ ወተት የመሰለ ነጭ ፈሳሽ እወስዳለሁ። ክሊኒኳ ዛሬ የለችም። ብትኖርም ስሟን አልጠራም ነበር፤ በውስጧ የሠሩት ሰዎች ልጆች አሏቸው።

በክሊኒኳ ሐኪም አለ፣ መድኃኒትም እንደ ዕድል ይገኛል። የማይገኘው ጠርሙስ ነው። የሚጠጣም ሆነ የሚቀባ ፈሳሽ የታዘዘለት ሰው ማስቀመጫውን ከቤቱ ይዞ መሄድ አለበት። ጠርሙስ ደግሞ እንደዛሬው በየመንገዱ የሚንከባለል ዕቃ አልነበረም፤ ሴት ልጅ ስትዳር አብሮ ይሰጣት ነበር ብል ብዙም አልዋሸሁ። ጎረቤቴ ወይዘሮ ዘነበች የአረቄ ጠርሙስ ነበራት። ቢያጥቡት ቢያጥቡት ሽታው አይለቅም፤ እሷ ግን ከመድኃኒቱ ጋር ይስማማል ትላለች። አትክልት ተራ ሽንኩርትና ቃሪያ የሚነግደው ጋሽ ሽኩር የዘይት ጠርሙስ ነበረው። የእኔ ቬርሙት የሚባል የጣሊያን ወይን ጠጅ ጠርሙስ ነው፤ ፒያሳ ኬክ ይጋግር የነበረ ጣሊያን አገሩ ሲገባ ለእናቴ የተወላት። ሳልኮራባት አልቀረሁም።

ስለ ወረፋም አንድ ነገር ልበል፤ የዛሬ ልጆች ስለማያውቁት። ለስኳር፣ ለጤፍ፣ ለሳሙና እንሰለፍ ነበር። የምን ወረፋ እንደሆነ ሳናውቅ ተሰልፈን ፊት ስንደርስ የምናውቅበትም ጊዜ ነበር። የደከመው ሰው ድንጋይ በቦታው አስቀምጦ ጥላ ይፈልጋል፤ ድንጋዩ ስለ እሱ ይቆማል። ሰው ተቀምጦ ድንጋይ ሲሰለፍ ያየ የውጭ አገር ሰው ምን እንዳለ አላውቅም። እኛ ግን የሌላውን ድንጋይ የነካ ሰው ሰላም አንለውም ነበር።

በክሊኒኳ ድንጋይ አያስፈልግም፤ ጠርሙሱ ራሱ ይሰለፋል። የመድኃኒት ማደያው መስኮት ሰፊ የእንጨት ደፍ ነበረው። በመጣንበት ቅደም ተከተል ጠርሙሶቻችንን ደፉ ላይ እንደረድራለን። ሐኪሙ የጻፈልንን ወረቀት ደግሞ አጠገቡ በቆመ ሽቦ ላይ፣ አንዱን በአንዱ ላይ እንሰካለን። ከዚያ ግቢው ውስጥ ፀሐይ እየሞቅን እናወራለን። ውስጥ ያለው ሰውዬ ወረቀቶቹን ይገለብጥና የመጀመሪያውን ወረቀት ለመጀመሪያው ጠርሙስ፣ ሁለተኛውን ለሁለተኛው እያለ ይሞላል። ስም አይጠራም፤ ጠርሙሱን ያየ ሁሉ የራሱን ያውቃል።

ሰውዬው አቶ ዘሪሁን ይባላል። አልወደውም ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ ያደረግኩትን ሰው በዝምድና ወይም በሌላ ነገር እንዳይተረጉምብኝ ነው። ትልቅ ትንሽ ሳይል ሴቱን ሁሉ «አንቺ ሴትዮ» ይላል። ደህና አደሩ ሲሉት መስኮቱን ይዘጋል። አንድ ጊዜ የቬርሙት ጠርሙሴን ከፍ አድርጎ አይቶ፣ እኔን ደግሞ ዝቅ አድርጎ አይቶ፣ ጨጓራዬ ከየት እንደመጣ አሁን እንደገባው ነገረኝ። ጠጥቼ አላውቅም።

ያን ዕለት ጋሽ ሽኩር ቀዳሚ ነበር፤ ሳል ይዞታል። ቀጥላ ወይዘሮ ዘነበች ነበረች፤ ወስፋት አስቸግሯታል፣ ይህንንም ማንም ሳይጠይቃት ለሁሉ ነግራለች። መጨረሻ ላይ እኔ። ለምሳ ሊዘጋ ስለተቃረበ ከእኔ ኋላ የመጣ አልነበረም።

እንደተቀመጥን የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጠባቂ ጠመንጃውን እንዳንጠለጠለ ገባ። የጓድ ሊቀመንበርን ጠርሙስ ይዟል። ለእኛ ሰላምታ የለም። የተሰለፉትን ጠርሙሶች በክንዱ ገፋ አደረገና ያመጣትን ከሁሉ ፊት፣ ከጋሽ ሽኩር የዘይት ጠርሙስ በፊት አቆማት። ወረቀቷንም ከፊት ለማድረግ የሁላችንን ከሽቦው ነቅሎ እንደገና መሰካት ነበረበት። ለዚያ ትዕግሥት አልነበረውም፤ ከእኔ ወረቀት በላይ ሰክቶ ወደ ጥላው ሄደ። ማንም አልተናገረም። ጋሽ ሽኩር ሳለ፤ ሳሉ ግን የበሽታው ነበር እንጂ የተቃውሞ አልነበረም።

ልብ ብሎ የሚያነብ ሰው ምን እንደተከተለ ገና ካሁኑ አውቋል። ጠርሙሷ ፊት፣ ወረቀቷ ኋላ ሆነች፤ ስለዚህ ሁላችንም አንድ አንድ ቦታ ተንሸራተትን። እኛ ግን በጠባቂው ድፍረት ስንናደድ ስለ ሽቦው ያሰበ አልነበረም። ንዴት ዓይን ይጋርዳል። ጠርሙሶቻችን ሲሞሉ ተቀብለን ወጣን። የእኔ መድኃኒት እንደ ሁልጊዜው ነጭ ነበር።

ከምሳ በኋላ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጠጣሁ። ስለ ጣዕሙ ብዙ አልልም። ጉሮሮዬ ውስጥ አንድ ሰው ክብሪት የጫረ መሰለኝ። አስተዋይ ሰው እዚህ ላይ ማንኪያውን ያስቀምጣል። እኔ ግን መራራ መድኃኒት ፍቱን ነው እየተባልኩ ያደግኩ ነኝ፤ በዚያ ላይ ሰሞኑን በራዲዮ የሕዝቡ ጤና አጠባበቅ መሻሻሉን ሰምቼ ነበር። ተሻሽሎ የመጣው ይኸው ነው ብዬ ሁለተኛውን ማንኪያ ደገምኩ።

ራሴን ያገኘሁት ወለሉ ላይ ነው። ወይዘሮ ዘነበች ጩኸቴን ሰምታ ገባች፤ ጮኼ ከሆነ ማለቴ ነው፤ እሷ ጮኸሻል ትላለች፣ እኔ አልጮህኩም እላለሁ። ከኋላዋ ሰፈሩ ተከተለ። አንዷ ወተት፣ አንዷ ተልባ፣ አንዷ ጥሬ እንቁላል ይዛ መጣች፤ ሁሉም የየራሳቸውን አጠጡኝ። አንድ ጎረምሳ በእግሬ ተይዤ ቁልቁል እንድንጠለጠል ሐሳብ አቀረበ። በዚያ ሁኔታ ላይ ሆኜም ቀሚሴን አጥብቄ ያዝኩ። በመጨረሻ ሰይቼንቶ የምንላት ትንሽ ታክሲ ተጠርታ፣ ልትይዘው ከምትችለው ሰው እጥፍ ተጭኖብኝ ክሊኒክ ደረስን።

ሐኪሙ ጠርሙሴን አሸተተና የእከክ መድኃኒት መሆኑን ተናገረ። ይህን ሲል ደግፋኝ የነበረችው ወይዘሮ ዘነበች ለቀቀችኝ።

«እከክ አለብሽ እንዴ?» አለችኝ።

አቶ ዘሪሁን ተጠራ። ጠርሙሱን ተቀብሎ ሲያሸት ፊቱ አመድ መሰለ። ይቅርታ ይላል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን ስጠጣው አፍንጫዬ የት እንደነበር ጠየቀኝ።

አስመለሰኝ፣ ወተት ጠጣሁ፣ ተኛሁ፣ ተነሳሁ። ጉዳዩ እዚያ ላይ ቢያልቅ ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። ገና ከአልጋዬ ሳልወርድ ግን አቶ ዘሪሁን አሻጥረኛ ተብሎ ቀበሌው ውስጥ ታሰረ። ሕዝብን የሚመርዝ የአብዮቱ ጠላት ነው ተባለ። ከዚያ ወደ በላይ አካል ይላካል አሉ። በዚያን ጊዜ ወደ በላይ የተላከ ሰው መቼ እንደሚመለስ የሚጠይቅ አልነበረም፤ ጠያቂውም አብሮ ይላካል።

ሊቀመንበሩ ቢሮው አስጠራኝ። በሩ ላይ የአቶ ዘሪሁን ሚስት ምሳ በነጠላ ሸፍና ቆማለች። አየችኝ። የተመረዝኩት እኔ ሆኜ ሳለ አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ።

ቢሮው ጣፋጭ ጣፋጭ ይሸታል። በሊቀመንበሩ ዙሪያ ዝንብ ይዞራል፤ እሱም በአንድ እጁ ዝንቡን እየከለከለ በሌላው አንገቱን በእርሳስ ያካል። እሑድ ስብሰባ መጠራቱን፣ ርእሱም «ከስህተት መማር» መሆኑን ነገረኝ። እኔ የምናገረውም ተዘጋጅቷል። አቶ ዘሪሁን እያወቀ መርዝ እንደሰጠኝ፣ ሲሰጠኝም ፈገግ እንዳለ። እዚህ ላይ አስቆምኩት። አቶ ዘሪሁን ፈገግ ብሎ አያውቅም፤ ይህን ብናገር ሰፈሩ በሙሉ ውሸታም ይለኛል አልኩት።

«ጓዲት፣ ፈገግታውን መተው ይቻላል» አለ። «ዋናው መርዙ ነው።»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ እኔ ጠርሙስ አይደለሁም። ሰው የሞላብኝን አልቀዳም» አልኩት።

እንዳስብበት ነግሮኝ አሰናበተኝ። እኔም አሰብኩበት። ስለ አቶ ዘሪሁን ደግ ነገር ለማስታወስ ሞከርኩ፤ አልመጣልኝም። ቢሆንም ባለጌ መሆን ሌላ፣ መርዘኛ መሆን ሌላ ነው። ባለጌ ሁሉ ቢታሰር ፒያሳ ላይ በር የሚከፍት ሱቅ አይኖርም ነበር።

እሑድ አዳራሹ ሞላ። የግራ እጃችንን አነሳን፣ መፈክር አሰማን፣ ተቀመጥን። ሊቀመንበሩ ስለ መማር ረጅም ንግግር አደረገ። እንደተረዳሁት ትምህርቱ አስቀድሞ አልቋል፤ የቀረው ፈተናው ብቻ ነው። ሂስና ግለ ሂስ ተባለና አቶ ዘሪሁንን አስነሱት። ጺሙ አድጓል። ወረቀትና ጠርሙስ በተራ አይቶ እንደሞላ፣ እንዴት እንደተሳሳተ ራሱም እንዳልገባው፣ ጥፋቱ ግን የእሱ እንደሆነ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ። ሰውዬው ዝቅ ያለ ድምፅ እንዳለው ያን ቀን ነው ያወቅኩት።

የቀበሌው ጸሐፊ ያልታሰበ ጥያቄ ጠየቀ፤ ይህ የእከክ መድኃኒት ለማን የታዘዘ ነበር?

አቶ ዘሪሁን ቀና ብሎ ወደ መድረኩ አየ። ከዚያ ወለሉን አየ።

«የበሽተኛ ጉዳይ በስብሰባ አይወራም» አለ።

«ይህ አስፈላጊ አይደለም፤ እንቀጥል» አለ ሊቀመንበሩ በፍጥነት።

አስፈላጊ መሆኑ የገባኝ ያኔ ነው።

እኔን ጠሩኝ። ከምስክርነቴ በፊት እኔም ግለ ሂስ እንዳደርግ ተጋበዝኩ፤ ሳላሸት በመጠጣቴ፣ ማለትም ንቃት በማጣቴ። ራሴን የምሄስበት ነገር እንደሌለኝ ተናገርኩ። መድኃኒት ታዘዘልኝ፣ የታዘዘልኝን ጠጣሁ፤ ማሽተት የእኔ ሥራ ከሆነ ደመወዙም ለእኔ ይሁን። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀና ሳቁን ወደ ሳል ለወጠው። ሳሉ ጋሽ ሽኩርን አስታወሰኝ።

«ጋሽ ሽኩር፣ ያንተ ሳል እንዴት ሆነ?» አልኩት፤ መድረኩን ትቼ።

ጋሽ ሽኩር ባርኔጣውን አውልቆ ተነሳ። ሳሉ እንዳለ አለ፤ ግን ያን መድኃኒት ከጠጣ ወዲህ ሌላ ብዙ ነገር ከሆዱ ወጥቷል፤ ምን እንደሆነ እዚህ ሴቶች ባሉበት አይናገርም። ወይዘሮ ዘነበች እጇን ሳታነሳ ቀጠለች። የእሷ ወስፋት ንቅንቅ አላለም፤ ጨጓራዋ ግን ከተወለደች ጀምሮ እንደዚህ ሰላም ሆኖ አያውቅም። ሰው ተንጫጫ። ጋሽ ሽኩር የነጋዴ ጭንቅላት ስላለው ቶሎ ገባው፤ «የዘነበችን እኔ ከጠጣሁ፣ ዘነበች ያንቺን ከጠጣች፣ አንቺ የእከኩን ከጠጣሽ፣» አለና ቆመ።

«የእኔን የሳል ሽሮፕ ታዲያ ማን ወሰደው?»

አንድ ዝንብ ከሊቀመንበሩ አንገት ተነስቶ ዞሮ ተመልሶ እዚያው አረፈ። ሌላም ተከተለው። የእከክ መድኃኒት እንደምታውቁት ከአንገት እስከ እግር ነው የሚቀባው። የሳል ሽሮፕ ደግሞ ስኳር ነው። አዳራሹ በሙሉ ዝንቦቹን ያይ ነበር፤ ሊቀመንበሩ እጁን ሊያነሳ ፈልጎ ተወው።

የገባን ሁላችንም ነን። ጠባቂው በሩ ላይ ቆሟል። ወይዘሮ ዘነበች ነጠላዬን ወደ ታች ስትጎትት ጥለቱ ሲቀደድ ሰማሁ። እኔ ግን ቆሜ ቀረሁ።

«ጓድ ሊቀመንበር» አልኩ፤ «ከጋሽ ሽኩር ፊት የቆመችው ጠርሙስ የእርስዎ ናት። ወረቀትዎ ግን የተሰካው ከእኔ ኋላ ነው። አቶ ዘሪሁን በተራው ሞላ። ተራውን ያፋለሰው እሱ አይደለም።»

«ስብሰባው ስለ እኔ ነው እንዴ?»

«ከስህተት እንማር ብለው ጠሩን። ተማርን።»

እኔ ልቀመጥ አልቻልኩም፤ ከተቀመጥኩ የምነሳ አልመሰለኝም። በመካከሉ ጋሽ ሽኩር የግራ እጁን አነሳ። ሊቀመንበሩ ምን ለማለት እንደሆነ ሲጠይቀው ድምፅ እየሰጠ መሆኑን ተናገረ። በምን ላይ? እትዬ ባለችው ላይ። ያልኩት ነገር የውሳኔ ሐሳብ አልነበረም፤ ግን ሰው እጅ ማውጣት ለምዷል፣ አንድ እጅ ሲነሳ ሌላው ይከተላል። ወይዘሮ ዘነበች ነጠላዬን ለቃ አነሳች። ከዚያ ወዲያ መቁጠር የሚያስፈልገው አልነበረም።

ቃለ ጉባኤው በጥበብ ነው የተጻፈው። ጥፋቱ የተገኘው «ተራዋን ባልጠበቀች አንዲት ጠርሙስ» ላይ ነው፤ ባለቤቷ አልተጠቀሰም። አቶ ዘሪሁን በከባድ ማስጠንቀቂያ ወደ ሥራው ተመለሰ። ሚስቱ የያዘችውን ምሳ እዚያው አዳራሹ ደረጃ ላይ ቁጭ ብለው በሉ። እኔ ደግሞ ስብሰባ በማወክ ተገሠጽኩና የክሊኒኩን ወረፋ በትርፍ ጊዜዬ እንድቆጣጠር ተፈረደብኝ። ቅጣት ነው ብለው የሰጡኝን እንደ ሹመት ተቀበልኩ።

ደንብ አወጣሁ። ጠርሙስ ደፍ ላይ አይሰለፍም፤ በባለቤቱ እጅ ይቆያል። ከመሞላቱ በፊት የበሽተኛው ስም፣ መድኃኒቱ የምን እንደሆነ፣ የሚጠጣ ወይም የሚቀባ መሆኑ ጮክ ተብሎ ይነገራል። ባለቤቱም አቤት ይላል። በሁለተኛው ሳምንት የማን ኪንታሮት፣ የማን ቅማል እንደሆነ አራዳ በሙሉ አወቀ። አንድ የጋብቻ ሽማግልና ክሊኒካችን በር ላይ ፈረሰ። ከስድስት ኪሎ ተማሪዎች ምንም ሳያማቸው መጥተው ግቢው ውስጥ ይቀመጡ ጀመር። ወይዘሮ ዘነበች የእሷ ብቻ በጆሮ እንዲነገር ለመነችኝ። እምቢ አልኳት። ሐሜት የገደለው ሰው አላየሁም፤ ዝምታ ግን ጉሮሮዬን አቃጥሎኛል።

አቶ ዘሪሁን አላመሰገነኝም። እንዲያውም ደንቡ ሥራውን እንዳበዛበትና «አንቺ ሴትዮ» የሚለውን ትቶ ስም መጥራት እንዳደከመው አማረረ። እኔም ሥራውን ይሥራ እንጂ ምስጋናውን አልጠየቅኩትም።

አንድ ጠዋት ያ ጠባቂ ያችኑ ጠርሙስ ይዞ መጣ። በለመደው ክንዱ ሰዉን ገፋ አድርጎ ደፉ ላይ አቆማት። አንስቼ በእጁ መለስኩለት። ጠርሙስ ስሟ ሲጠራ አቤት አትልም፤ ባለቤቷ ይምጣ አልኩት።

«የማን እንደሆነች ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ። ጠጥቼዋለሁ።»

ጠመንጃውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ። ሰልፉን አየ። ጋሽ ሽኩር ትንሽ ወደ ፊት ተጠግቶ በመጨረሻ አንድ ሰው የሚቆምበት ቦታ እንዲኖር አደረገ፤ ከፊት ግን የሰጠው ቦታ አልነበረም። ጠባቂው ወጣ።

ፀሐይዋ ከፍ ስትል ሊቀመንበሩ ራሱ መጣ። ጠርሙሱን በእጁ ይዞ፣ ቆቡን እስከ ቅንድቡ አውርዶ ከሁላችን ኋላ ቆመ። ተራው እስኪደርስ ድረስ ሰዓት አልተመለከተም፤ አከከ እንጂ። መስኮቱ ጋ ሲደርስ አቶ ዘሪሁን ወረቀቱን አነሳና ስሙን ጠራ።

«አቤት» አለ ሊቀመንበሩ።

አቶ ዘሪሁን መድኃኒቱ የምን እንደሆነ ሳይናገር ቆመ። ወረቀቱን ያያል፣ እኔን ያያል። እንዲህ ባለች ወረቀት ምክንያት ታስሮ ሳለ አፉን አልከፈተም ነበር፤ አሁንም አልከፈተም። እኔም ከቦታዬ አልተነሳሁም። ደንቡ ደንብ ነው፤ ግን ማን ይናገረው እንደሆነ አልጻፍኩም ነበር።

ሊቀመንበሩ ማንንም ሳያይ፣ ጠርሙሱን ደፉ ላይ እያስቀመጠ፣ «የእከክ ነው» አለ።

«አላህ ይማርዎ» አለ ጋሽ ሽኩር።

እኛም ሌሎቻችን እንደ ልማዳችን እግዜር ይማርዎ አልን። ይህን የማንለው ለማን ነበር? አቶ ዘሪሁን ጠርሙሷን እስከ አንገቷ ሞላ፣ ቡሿን መታ መታ አድርጎ ገጠመ፣ ለባለቤቷ ሰጠ።

«የሚቀባ ነው፤ አይጠጣም» አለ፤ ይህን ሲል ግን ያየው እኔን ነበር።